የሳን ፍራንሲስኮን ፍሊት ዊክ ለማየት፦ ከቀን ምርጫ እስከ መርከቡ መሰላል

ፍሊት ዊክ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለሕዝብ የሚታይበት ሳምንት፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981፣ ዳያን ፋይንስታይን የከተማዋ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ ነው። በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም ሊወጣ ጥቅምት ሊገባ ሲል፣ የጦር መርከቦች በጎልደን ጌት ድልድይ ሥር አልፈው ይገባሉ። ብሉ ኤንጅልስ የተባለው የባሕር ኃይሉ የአየር ትርዒት ቡድን ሰማዩን ይሰነጥቀዋል፤ ሕዝቡም መርከቦቹ ላይ በነፃ እየወጣ ይጎበኛል። ሁሉም በአንድ የዕረፍት ቀናት ዙሪያ ስለሚታጨቅ ብዙ ሰው «ቅዳሜ ሄደን ሁሉንም እናያለን» ብሎ ይነሳና መርከብ ላይ ሳይወጣ፣ ለትርዒቱም ደህና ቦታ ሳያገኝ ይመለሳል። ስለዚህ የዕቅዱ ሁሉ መነሻ አንድ ነው፦ ለመርከቡ የራሱን ቀን ስጡት።

ሰዓት የጻፍነው በሀበሻ አቆጣጠር ነው። እዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ያልነውን የዝግጅቱ መርሐ ግብር ላይ 10 ሰዓት ተብሎ ታገኙታላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ግን የአውሮፓውያን ናቸው።

1. ከሁሉ በፊት የዋሽንግተንን ዜና ተከታተሉ

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ቀን ነው። ኮንግረስ እስከዚያ ቀን በጀት ካላጸደቀ የመንግሥት ሥራ በከፊል ይቆማል፤ ፍሊት ዊክ ደግሞ የሚውለው ከዚያ አንድ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። በዚህ የተነሳ በ2013 ዝግጅቱ ተሰረዘ፤ በ2025ም ብሉ ኤንጅልስና የባሕር ኃይሉ መርከቦች ሳይመጡ ቀሩ። በ2020 ደግሞ በኮቪድ ምክንያት አልተካሄደም።

ከሌላ ከተማ የምትመጡ ከሆነ እንግዲህ ገንዘቡ የማይመለስ የሆቴል ክፍል አትያዙ። እስከ መጨረሻው ቀን የሚሰረዝ ክፍል ትንሽ ቢወደድም ይሻላል። የበጀት ጭቅጭቅ ባለበት ዓመት ኦክቶበር 1 እስኪያልፍ ጠብቃችሁ ብትወስኑ ክፉ አይሆንም፤ ባርት ለሚባለው ባቡርና ለአውቶቡስ ቀድሞ የሚቆረጥ ነገር ስለሌለ አካባቢው ላይ ያላችሁ ሰዎች የምታጡት የለም።

የመርከቦቹ ዝርዝርም ዘግይቶ ነው የሚወጣው። ባሕር ኃይሉ የትኛውን መርከብ እንደሚልክ ከሥራው አኳያ ስለሚወስን፣ ከወር በፊት የሰማችሁት ስም በመጨረሻው ሳምንት በሌላ ሊተካ ይችላል። አንድ የተወሰነ መርከብ ለማየት ብላችሁ ረጅም ጉዞ አታቅዱ።

2. ቀኑን ምረጡ

ዋናው ቅዳሜና እሑድ የሚውለው ከኦክቶበር ሁለተኛው ሰኞ በፊት ነው። ሰኞው የፌዴራል በዓል ነው። የሳምንቱ አካሄድ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው።

ሐሙስ፦ ብሉ ኤንጅልስ ከተማው ላይ እየዞሩ አየሩንና የምድሩን ምልክቶች ያጠናሉ። ይፋዊ ትርዒት የለም፤ ግን ድምፁ ይሰማል፣ ሕዝቡም ትንሽ ነው።

አርብ፦ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ የመርከቦቹ ሰልፍ፣ ከቀትር በኋላ የአየር ትርዒቱ ልምምድ። ልምምድ ይባል እንጂ ከቅዳሜው የሚለየው ጥቂት ነው፤ የሥራ ቀን ስለሆነ ደግሞ ቦታ አለ።

ቅዳሜና እሑድ፦ ሙሉ የአየር ትርዒት ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ገደማ። ብሉ ኤንጅልስ የሚነሱት መጨረሻ ላይ፣ 9 ሰዓት አካባቢ ነው።

ሰኞ፦ የአየር ትርዒት የለም። መርከቦቹ ግን ብዙ ጊዜ ገና እንደቆሙ ናቸው።

ሁለት ቀን ያለው ሰው ይህን ያድርግ፦ አርብ ሰልፉንና አውሮፕላኑን፣ ሰኞ መርከቡን። የሰኞ ጉብኝት በዚያ ዓመት መርሐ ግብር ውስጥ ከሌለ ቅዳሜ ጠዋት በር ከመከፈቱ በፊት መድረስ ሁለተኛው ምርጫ ነው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የተሻለ የሚመስለው «ሰው ሁሉ ወደ አውሮፕላኑ ሄዷል» በሚል ነው፤ እውነትም ወረፋው ትንሽ ይቀንሳል። ነገር ግን ወረፋው የሚዘጋው ጉብኝቱ ከማብቃቱ ቀድሞ ስለሆነ ያተረፋችሁ የመሰላችሁን ሰዓት በር ላይ ትከፍሉታላችሁ።

አንድ ቀን ብቻ ያላችሁ ደግሞ ጠዋት መርከብ፣ ከሰዓት አውሮፕላን አድርጉት፤ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። 6 ሰዓት ላይ ገና ወረፋ ውስጥ ከሆናችሁ ቆማችሁ ወስኑ፣ ከሁለቱ አንዱን ተዉት። ሁለቱ ቦታዎች በባሕሩ ዳር መንገድ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ በዚያን ዕለት ደግሞ ያ መንገድ በእግር ነው የሚኬደው።

ስለ እሑድ አንድ ማስጠንቀቂያ። በዚያው እሑድ የጣሊያን ተወላጆች ዓመታዊ ሰልፍ ከፊሸርማንስ ዋርፍ ተነስቶ በኮሎምበስ ጎዳና ያልፋል። በዚያ ሰፈር የሚያልፉ አውቶቡሶች መንገድ ይቀይራሉ፤ ስለዚህ እሑድ በ30 ቁጥር አውቶቡስ ላይ አትተማመኑ።

3. የትኛው መርከብ ላይ ልውጣ?

አብዛኛው ሰው አጭር ወረፋ አይቶ ይሰለፋል፤ ይህ ያሳስታል። የወረፋ ፍጥነት የሚወሰነው በርዝመቱ ሳይሆን በመርከቡ መወጣጫ ስፋትና በውስጡ ባለው መንገድ ነው።

ዴስትሮየር (የአርሌ በርክ ዓይነት) 155 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ውስጡ ግን ጠባብ ነው። ጎብኚው በአንድ ቀጭን መወጣጫ ይገባና በአንድ መርከበኛ እየተመራ በትንንሽ ቡድን ይሄዳል። በዚህ የተነሳ መቶ ሰው ያለበት ወረፋ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። በምላሹ የምታዩት ነገር «የጦር መርከብ» ሲባል ሰው በሐሳቡ የሚስለውን ነው፦ ፊቱ ላይ ያለው 127 ሚሊ ሜትር መድፍ፣ ከወለሉ ጋር እኩል የሆኑ የሚሳይል ማስወንጨፊያ ክዳኖች (እንደ መርከቡ ዕድሜ 90 ወይም 96)፣ ነጭ ጉልላት የደፋው 20 ሚሊ ሜትር ፋላንክስ መትረየስ፣ ኋላ ላይ ደግሞ የሄሊኮፕተር ማረፊያ። አንዳንዴ የመሪው ክፍል ድረስ ያስገባሉ። መርከቡን የሚነዱት አራት የጋዝ ተርባይኖች ናቸው፤ የሞተር ክፍሉ ግን ለሕዝብ አይከፈትም።

የባሕር ወለድ ጦር የሚጭነው ትልቁ መርከብ፣ አምፊቢየስ የሚባለው፣ ሌላ ዓለም ነው። «አሜሪካ» የተባለው መደብ መርከቦች 257 ሜትር ይረዝማሉ፤ ሩቅ ለሚያያቸው የአውሮፕላን ተሸካሚ ይመስላሉ። እዚህ ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ በሰፊ መግቢያ ወደ ሃንጋሩ (የአውሮፕላኖቹ አዳራሽ) ይገባና በተዳፋት መንገድ ወይም በአውሮፕላን ሊፍት ወደ ላይኛው ወለል ይወጣል። አስፈሪ የመሰለ ወረፋ እዚህ ቶሎ ይሄዳል። ላይ ላይ እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብሎ የሚነሳው ኦስፕሬይ አውሮፕላን፣ ሄሊኮፕተር፣ አንዳንዴም ኤፍ-35ቢ ተዋጊ ጄት ቆሞ ይገኛል፤ ሃንጋሩ ውስጥ ደግሞ ወታደሮቹ መሣሪያቸውንና ተሽከርካሪያቸውን ዘርግተው ያስረዳሉ። ልጅ ይዞ ለሚመጣ፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ምርጫው ይህ ነው።

የሳን አንቶኒዮ መደብ መርከብ ከመጣ (208 ሜትር ገደማ) ችላ አትበሉት። ከኋላው ውሃ የሚገባበት ትልቅ አዳራሽ አለው፤ በአየር ትራስ የሚንሳፈፈው ኤልካክ የሚባል ጀልባ የሚወጣው ከዚያ ነው። ያንን አዳራሽ ቆሞ ማየት፣ መርከብ ሆድ ውስጥ ሌላ ወደብ እንዳለ ማየት ነው። የባሕር ዳር ጥበቃው፣ ኮስት ጋርድ፣ ነጭ መርከቦችና የካናዳ መርከቦችም ብዙ ጊዜ ይኖራሉ። ሰው አይሽቀዳደምባቸውም፤ የሠራተኞቹ ቁጥር ጥቂት ስለሆነ ደግሞ ተረጋግተው ያወሯችኋል። ሁለት መርከብ ማየት የፈለገ ሰው አንዱን ትልቅ፣ ሌላውን ከእነዚህ አንዱን ቢያደርግ ያዋጣዋል። ሁለት ዴስትሮየር ማየት ግን አንዱን ሁለቴ እንደማየት ነው።

4. ፒየሩን ማግኘት

መርከቦቹ የሚቆሙት ኢምባርካዴሮ በተባለው የባሕር ዳር ጎዳና ላይ ባሉ ፒየሮች (መርከብ የሚታሰርባቸው መድረኮች) ነው። የፒየሮቹ ቁጥር ሥርዓት አለው፦ የሰዓት ማማ ያለው ፌሪ ህንፃ መሐል ነው፤ ከእሱ ወደ ሰሜን ጎዶሎ ቁጥሮች፣ ወደ ደቡብ ሙሉ ቁጥሮች ናቸው። ፒየር 30 እና 32 አንድ ላይ የተገጠሙ ሲሆኑ ከህንፃው ወደ ደቡብ፣ ቤይ ድልድይን አልፎ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ላይ ይገኛሉ። ፒየር 35 ደግሞ ወደ ሰሜን 2 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። «30» እና «35» ጎረቤት መስሏቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጓዙ ሰዎች በየዓመቱ አይጠፉም።

መኪና ይዛችሁ አትሂዱ። የማሪና ሰፈር መንገዶች ይዘጋሉ፣ ያለቦታው የቆመ መኪና በክሬን ይነሳል፣ የግል ማቆሚያዎችም ዋጋ ይጨምራሉ።

ከኦክላንድና ከምሥራቁ ወገን የምትመጡ በባርት ኢምባርካዴሮ ጣቢያ ውረዱ። ወደ ሰሜን ፒየሮች በእግር ወይም ኤፍ በሚባለው አሮጌ የኤሌክትሪክ ባቡር፤ ወደ ፒየር 30/32 ኤን በሚባለው የከተማ ባቡር ብራናን ፌርማታ ድረስ። ከሳን ሆሴ አቅጣጫ በካልትሬይን የሚመጣ ሰው መጨረሻው ጣቢያ ላይ ይወርድና እዚያው የሚነሳውን ኤን ይይዛል፤ በእግርም ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ከአላሜዳና ከኦክላንድ ፌሪ መያዝም ይቻላል፤ ጠዋት ጥሩ ነው፣ ማታ ግን መርከቢቱ ስትሞላ የቀረው ሰው ቀጣዩን ይጠብቃል።

ክሊፐር የሚባለው የጉዞ ካርድ ለባርት፣ ለሙኒ (የከተማው አውቶቡስና ባቡር) እና ለፌሪ በሙሉ ይሠራል። ከቤት ሳትወጡ የመመለሻውን ጭምር ሙሉበት፤ ትርዒቱ ሲያልቅ የጣቢያው ማሽን ላይ የሚኖረው ወረፋ ከመርከቡ አይተናነስም። ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ሙኒን በነፃ ይሳፈራሉ።

5. ለመርከቡ ቀን ምን ልያዝ፣ ምን ልተው?

ቦርሳ ተዉ። የጀርባ ቦርሳና ትልቅ ቦርሳ አይገባም፣ አደራ የሚያስቀምጥላችሁም የለም። በር ላይ የተመለሰ ሰው ወይ ቦርሳውን ይዞለት የሚቆም ዘመድ ይፈልጋል ወይ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኪስ የበዛበት ጃኬት ልበሱና ነገራችሁን እዚያ አድርጉ።

መታወቂያ፦ 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ፎቶ ያለበት፣ ጊዜው ያላለፈበት፣ መንግሥት የሰጠው መታወቂያ በእጁ ይያዝ። የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ሰው ፓስፖርቱን ራሱን ይዞ ቢመጣ ከጭቅጭቅ ይድናል፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ በብዙ ቦታ አያሳልፍም። የመግቢያው ደንብ በየዓመቱ ስለሚስተካከል የዚያን ዓመት ማስታወቂያ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ማታ እንደገና አንብቡት።

ጫማ፦ ጣት የሚሸፍን፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ የማይንሸራተት። ነጠላ ጫማ ወይም ሂል አድርጎ የመጣ ሰው ላይወጣ ይችላል። ቀሚስም አይመከርም፤ መሰላሉ ቀጥ ያለና ክፍትፍት ያለ ስለሆነ ከታች የሚወጣው ሰው ሁሉን ያያል።

ቢላ፣ በቁልፍ መያዣ ላይ ያለች ትንሿ ጭምር፣ መቀስ፣ በርበሬ የሚረጭ መከላከያ፣ አልኮል፦ ቤት ይቅር። ወንዶች ብዙ ጊዜ የሚያዙት በዚያች የቁልፍ መያዣ ቢላ ነው።

የሕፃን ጋሪ መርከቡ ላይ አይወጣም። ጨቅላ ያላት እናት ሌላ ሰው አብሯት ይምጣና ተራ በተራ ይውጡ። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመምተኛ፣ ወይም ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው የዴስትሮየሩን ውስጥ ትቶ ሰፊ ወለል ያለውን መርከብ ይምረጥ። ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀም ሰው የትኛው መርከብ ምን ያህል ክፍል እንደሚመች ፒየሩ በር ላይ ያሉትን አስተባባሪዎች ከወረፋ በፊት ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ሃንጋሩ ብቻ ነው የሚደረስበት።

የቀረው ቀላል ነው፦ በአንድ ሰው አንድ ሊትር ያህል ውሃ (ወረፋ ላይ ጠጡት፣ ፍተሻ ላይ ሊያስጥሉት ይችላሉ)፣ ቆብ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ሞልቶ ያደረ ስልክ።

6. ወረፋው

ጉብኝቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል። ከዚያ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚመጣ ሰው ቀድሞ የተጠራቀመው ሁሉ እስኪገባ ስለሚጠብቅ፣ ያተረፋት የግማሽ ሰዓት እንቅልፍ ሁለት ሰዓት ታስቆመዋለች።

ከመሰለፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ወረፋ የየትኛው መርከብ ነው? ወረፋው የሚዘጋው በስንት ሰዓት ነው? ፍተሻው ለሁሉም መርከብ አንድ ነው ወይስ ለየብቻ? የመጨረሻው ጥያቄ ወሳኝ ነው። ፍተሻው አንድ ከሆነ አንዱን አይታችሁ ሳትወጡ ወደ ሌላው ታልፋላችሁ፤ ከፒየሩ አንዴ ከወጣችሁ ግን እንደገና ከጅራት ነው።

መጸዳጃ ቤት ከፍተሻው በፊት ግቡ። መርከቡ ላይ ለጎብኚ መጸዳጃ የለም። ልጆች ያላችሁ ይህን ሁለቴ አንብቡት።

7. መርከቡ ላይ

መሰላሉን ስትወጡም ስትወርዱም ሁለቱንም እጅ በመደገፊያው ላይ አድርጉ፤ ስልክ ኪስ ይግባ። መርከበኞቹ ፊታቸውን ወደፊት አድርገው እየተንደረደሩ ሲወርዱ ታያላችሁ፤ እናንተ ፊታችሁን ወደ መሰላሉ አዙራችሁ ውረዱ። አንድ ሰው ጨርሶ እስኪወርድ ሌላው አይጀምር።

የመርከብ በር ደፉ ከወለሉ አንድ ክንድ ሊሞላ የቀረበ ከፍ ያለ ነው፣ ጉበኑ ደግሞ ዝቅ ያለ። ውሃ ከክፍል ወደ ክፍል እንዳያልፍ ነው እንዲህ የተሠራው። እግር አንሱ፣ ራስ ዝቅ አድርጉ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። ደፉ ላይ መቆም ግን ልማድ አታድርጉት፤ ጠርዙ የሚጎዳው እንዲያ ነው፣ መርከበኞቹም አይወዱትም።

የአውሮፕላን ማረፊያው ወለል ጎማ እንዳይንሸራተት የሚሻክር ነገር ተቀብቷል፤ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። የሚሮጥ ልጅ ከወደቀ ጉልበቱ ይላጣል። የቆሙት ሄሊኮፕተሮች በሰንሰለት ከወለሉ ጋር የታሰሩ ናቸው። ሰንሰለቱ ከወለሉ ጋር ስለሚመሳሰል ፎቶ እያነሳ ወደኋላ የሚሄድ ሰው የሚጠለፈው በእሱ ነው። መውደቂያ የሚሆነው ሌላው፣ ሰንሰለቱ የሚገባባቸው ወለሉ ላይ የተበጁ ትንንሽ ጎድጓዳዎች ናቸው፤ ቀጭን ተረከዝ የሚከለከለውም ለዚህ ነው።

ፎቶ በአብዛኛው ይፈቀዳል። የተከለከለበት ክፍል ምልክት አለው፣ ወይም መሪያችሁ ይነግራችኋል። ስክሪን የበራበት ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ መጀመሪያ ጠይቁ። በገመድ የታጠረውን አትለፉ፤ ቁልፍ፣ መዘውር፣ ማንሻ አትንኩ።

መርከበኞቹን አውሯቸው። ብዙዎቹ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ያሉ ናቸው፣ መሣሪያውን መቶ ጊዜ ሲያስረዱ ስለዋሉ ስለራሳቸው ሥራ የሚጠይቃቸው ሰው ሲያገኙ ፊታቸው ይፈታል። «ይህ መድፍ ስንት ይመታል?» ከምትሉ «አንተ እዚህ ሥራህ ምንድን ነው? የት ትተኛለህ? ባሕር ላይ ውሃ ከየት ታገኛላችሁ?» በሉ። የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ጥሩ ነው፤ የባሕሩን ውሃ ጨዉን አውጥተው ይጠጣሉ። ምጽዋን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች አብረዋችሁ ካሉ ደግሞ እነሱም የሚያወጉት አላቸው፤ በንጉሡ ዘመን እዚያ በየዓመቱ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን የውጭ አገር የጦር መርከቦች እየመጡ ይቆሙ ነበር፣ «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብም በ1962 ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የተገኘች ናት።

8. ሰልፉንና የአየር ትርዒቱን የት ልይ?

ለመርከቦቹ ሰልፍ ምርጡ ቦታ ክሪሲ ፊልድ ነው፤ መርከቡ ከጎልደን ጌት ድልድይ ሥር ሲወጣ ጀምሮ እስኪያልፍ ታዩታላችሁ። የከተማዋ የእሳት አደጋ ጀልባ ውሃ ወደ ሰማይ እየረጨች ከፊት ትሄዳለች፣ መርከበኞቹም በወለሉ ዳር ዳር ተሰልፈው ይቆማሉ። ድልድዩ ራሱ ላይ መቆምም ይቻላል። የእግረኛው መንገድ በምሥራቅ በኩል ነው፤ ስለዚህ መርከቡ ሲመጣ አይታይም፣ 67 ሜትር ያህል ከሥራችሁ ድንገት ብቅ ይልና ወደ ከተማው ይሄዳል። ላይ ነፋሱ ብርቱ ነው፣ ቆብ ይወስዳል።

የአየር ትርዒቱ መሐል ማሪና ግሪን ፊት ለፊት ያለው ውሃ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ፎርት ሜሰንና አኳቲክ ፓርክ፣ ወደ ምዕራብ ክሪሲ ፊልድ ጥሩ ናቸው። ቲኬት ያለው ወንበር አለ፤ ነፃው ሣር ላይ ተቀምጦ ግን የሚጎድል ነገር የለም። በጋ ልብስ ለብሳችሁ አትምጡ፦ ኦክቶበር ከከተማዋ ሞቃት ወራት አንዱ ቢሆንም ከቀትር በኋላ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ሹራብ ያስለብሳል። ጥላ ደግሞ የለም፤ ስለዚህ ሰው በአንድ ቀን በፀሐይ ይቃጠልና በብርድ ይንቀጠቀጣል።

ፎቶ ለሚያነሳ ሰው የፀሐይዋ ነገር ቦታውን ይወስናል። 9 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ደቡብ ምዕራብ ትሆናለች። ማሪና ግሪን ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው ፀሐይዋ ከኋላው ናት፣ አውሮፕላኑ ሰማያዊና ቢጫ ቀለሙ ፈክቶ ይታየዋል። ትሬዠር ደሴት ላይ ሰው ያንሳል፣ ማቆሚያም ይገኛል፤ ግን ወደ ምዕራብ ስለምታዩ ብርሃኑ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ አውሮፕላኖቹም ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናሉ።

ብሉ ኤንጅልስ በ1946 የተመሠረተ ቡድን ነው፤ ከ2021 ጀምሮ ሱፐር ሆርኔት ያበርራሉ። ስድስት አውሮፕላኖች ናቸው፦ አራቱ ተጣብቀው ይበራሉ፣ ሁለቱ ለየብቻ ይሠራሉ። ሰው ሁሉ አራቱን ሲያይ ከሁለቱ አንዱ ዝቅ ብሎ በሰዓት 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ባልተጠበቀ አቅጣጫ ይመጣል። ልጆች የሚያለቅሱት ያኔ ነው። ለሕፃናት የጆሮ ክዳን፣ ለአዋቂ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ያዙና ድምፁ ሳይመጣ በፊት አድርጉላቸው። ውሻ ቤት ይዋል። ድሮን በዚያ ሰማይ ላይ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ አንዱ ከታየ ትርዒቱ ሊቆም ይችላል።

ጉሙ ሌላ ጉዳይ ነው። ቡድኑ ሙሉውን ትርዒት ለማሳየት ደመናው ቢያንስ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ መሆን አለበት፤ 1,070 ሜትር ከሆነ ዝቅ ያለውን፣ 460 ሜትር ከሆነ ሳይገለበጡ የሚበሩበትን ያሳያሉ፤ ከዚያ በታች ከሆነ አይነሱም። ጠዋት ጉም ማየታችሁ ተስፋ አያስቆርጣችሁ፣ ብዙ ጊዜ ቀትር ላይ ይገፋል። 8 ሰዓት ላይ ድልድዩ ገና ካልታየ ግን ጉሙ የሚገፋ አይመስልም፤ ዕቅዳችሁን ወደ ፒየሮቹ አዙሩ።

ትርዒቱ እንዳለቀ አትነሱ። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ጥቂት አውቶቡሶች ይጎርፋል፣ ስልክም ኔትወርክ ያጣል። ሰው እንዳይጠፋፋ ጠዋት «ከተለያየን እዚህ» ብላችሁ ቦታ ቁረጡ፤ የፒየር ቁጥር ወይም የማይንቀሳቀስ ህንፃ ይሁን። አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ መቆየት ወይም በባሕሩ ዳር ወደ ምሥራቅ በእግር ወደ ኢምባርካዴሮ መሄድ አውቶቡስ ከመጠበቅ ይፈጥናል።

9. መርከብ ሳይመጣ ቢቀር

ከተማው ውስጥና ዙሪያው ዓመቱን ሙሉ የሚጎበኙ መርከቦች አሉ፤ ለመግባት ግን ይከፈላል። ፒየር 45 ላይ ፓምፓኒቶ የተባለች የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰርጓጅ መርከብ አለች። በሮቿ ጠባብ ስለሆኑ ወፍራም ጃኬት አውልቃችሁ ግቡ። ጄርማያ ኦብራየን በ1944 ለኖርማንዲ ዘመቻ ያገለገለች የጭነት መርከብ ናት፤ አሁንም በራሷ ሞተር ትንቀሳቀሳለች፣ የሞተር ክፍሏም ለጎብኚ ክፍት ነው። ያ ደግሞ ዴስትሮየሩ ላይ የማይገኝ ነገር ነው። በአላሜዳ ያለው ሆርኔት አውሮፕላን ተሸካሚ ነው፤ በ1969 ከጨረቃ የተመለሱትን የአፖሎ 11 እና የአፖሎ 12 ጠፈርተኞች ከባሕር ያነሳው እሱ ነው። ሦስቱን በአንድ ቀን አትሞክሩ። ሆርኔት ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ወደዚያ ለመሄድም ውሃውን መሻገር አለባችሁ።